በሰልፉ ውስጥ ያለችው ልጅ

ሚዛን ተፈሪ
ጥቅምት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለይርዳው፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? እኔና እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ማርቆስ መሆንህን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ደረትህን ነው፤ ብርድ አትችልም። ሹፌሩ ሳህሉ ቡና አድርሶ ከጎጃም ጤፍ ስለሚጭን፣ በእሱ እጅ ሹራብ ልኬልሃለሁ። እጅጌው ትንሽ ቢያጥርም ልበሰው።

በእሱው በኩል የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። ከዓመት በላይ ዝም ብለህ ቆይተህ የጻፍከው ሁለት መስመር ነው። ሥዕልህ አሁንም የቡና ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ትጠይቃለህ። ስለ እኔ አልጠየቅክም። አልተቀየምኩህም፤ ከሥዕሉ ልጀምርልህ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የማኅበሩ አዲሱ ሊቀመንበር ቤት ድረስ መጣ። ገና አረፍ ሳይል፣ «ወይዘሮ ውድነሽ፣ የባለቤትዎን ሥዕል እናስተካክለው ብለናል» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታስተካክሉት?»

«እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ገዢ ይመጣል። በሩን አልፎ ሲገባ የሚያየው የታሰረ ሰው ነው። ሰዎቹን ጨፋሪ እናድርጋቸው፣ ገመዱ ይጥፋ። ያንን ዘመን ማንሳት ለማን ይጠቅማል?»

እኔም እኮ ስትሠራው ጨቅጭቄሃለሁ። «ከባሪያ ፈንጋዮች ዘመን ፎቶግራፍ የለም፤ የተነዱት ሰዎች ፊት ምን ይመስል እንደነበር በሐሳቤ ነው የማየው። አጠገቤ ካለ ሰው ካልወሰድኩ ከየት አመጣዋለሁ?» እያልክ የሰፈሩን ሰው በየተራ ጠርተህ አቆምክ። አሮጊቷን ከእናቴ ወሰድክ። የአያቷ እኅት በልጅነቷ ከዚሁ ከቤንች አገር ተነድታ የቀረች መሆኗን፣ ስሟን እንኳ የሚያስታውስ ሰው አለመኖሩን የነገረችህም እሷ ናት። ጠመንጃ አንግቶ በፈረስ ለሚነዳቸው ሰው ግን ፊቱን የሚሰጥህ ጠፋ። ያኔ የራስህን ፊት ሰጠኸው። «የእኔ አያቶች የመጡት ከዚያ ወገን ነው፤ ለምን ሌላ ሰው ላይ እለጥፋለሁ?» አልክ። ያን ቀን አክብሬህ ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ።

ከመሐል የምትሄደዋን ትንሽ ልጅ ከልጃችን ከሮዳስ ወሰድካት። እናቴ ያለችህን ሁላችንም ሰምተናል። «ይርዳው ልጄ፣ በሕይወት ያለ ልጅ ከጠፉት ጋር አታሰልፍ።» አንተም «ቀለም እኮ ነው እማዬ» ብለህ ሳቅክ። ሮዳስም ሳቀች። የዘይት ቀለሙ በሚዛን እርጥበት አልደርቅ ብሎ፣ ክፍሉ ውስጥ ከሰል እያነደድን ስንጠብቅ ነው ትኩሳቱ የጀመራት። ሥዕሉ ሳይደርቅ እሷ ሄደች።

አንተም ሄድክ። ስትወጣ እንኳ አልተሰናበትከኝም።

ይርዳው፣ እናቴ አንድም ቀን «ብዬው ነበር» አላለችም። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ሊቀመንበሩ እንደወጣ ነጠላዋን ደርባ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ። እኔ ከዚያ በፊት አዳራሹ ውስጥ እግሬ ገብቶ አያውቅም፤ በሩ ጋ ስደርስ ልመለስ ዞርኩ። እጄን ይዛ ነው ያስገባችኝ።

ታፔላ ጸሐፊው ከፈለኝ ሥዕሉን ሊቀይር መሰላል ላይ ነበር። እናቴ ወንበር ስባ ሥዕሉ ፊት ቁጭ አለች። ሊቀመንበሩ ተጠርቶ መጣ።

«እማማ፣ ጭቅጭቅ አንፈልግም» አላት።

«እኔም አልፈልግም። እሱ የሣለው ያላየውን ነው፤ የነገርኩት እኔ ነኝ። ውሸት ካለበት እኔን ጠይቁኝ።»

አልጠየቃትም። «የኮሚቴ ውሳኔ ነው» ብሎ ወጣ።

እኔ ከፈለኝን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። «ልጅቷን ተዋት» አልኩት። ብሩሹን ይዞ ከመሰላሉ ወረደ። የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፤ ቀብሯ ላይ ነበር።

«ገመዱን ማጥፋቴ አይቀርም» አለኝ።

«ገመዱን አጥፋው።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሰዎቹ ሁሉ አሁን ይጨፍራሉ። እናቴን እየዘለለች እልል እንድትል አድርጓታል። ስታየው «ጉልበቴን ጠገነልኝ» ብላ ሳቀች፤ ቤት ስንገባ ግን እህል አልቀመሰችም። አፏን ከፍተውባት ያልተናገረችውን እንዳናገሯት ነው የቆጠረችው መሰለኝ። ፈረሱ በቅሎ ሆኗል፣ ቡና ተጭኖበታል። አንተ ጠፍተሃል።

ሮዳስ እንዳለች ናት። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ዘበኛው ይከፍትልኛል፣ ትንሽ ቆሜ አያታለሁ። ገመዱ የለም፤ እጆቿ ግን እንደተጋጠሙ ናቸው። ባለፈው አንዲት ከጌጫ የመጣች ሴት አጠገቤ ቆማ «ይቺ ልጅ ምነው አትጨፍርም?» አለችኝ። «ደክሟት ይሆናል» አልኳት።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ልብ አላልኩትም ነበር። ስትሥላት ዓይኗን ከአንተ ላይ አልነቀለችም። ሸራው ላይም ቀና ብላ የምታየው ፈረሰኛውን፣ አንተን ነበር። ፈርታ አይደለም፤ ልጄን አውቃታለሁ። አሁን በዚያ በኩል ያለው የቡና ጆንያ ነው፤ እሷ ግን ዓይኗን አልመለሰችም።

እናቴ ይህን እንድጽፍልህ አዛኛለች፤ «የወሰዳት ወባ ነው፤ አንተ አይደለህም» በይው ብላኛለች። እኔም ከእሷ ቃል የምጨምረው የለኝም።

ከኅዳር በኋላ መንገዱ ይደርቃል። ሳህሉ ሲመለስ ብቻውን ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ አይጠፋም።

ጌታ ካለህበት ይጠብቅህ፤ የአባትህ ቅዱስ ሚካኤልም ከፊትህ ይቅደም። እንቅልፍ ይስጥህ።

ባለቤትህ
ውድነሽ