ቅዳሜ የምንመልሰው ሚኒባስ

አቃቂ፣ ግንቦት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለዘአማኑኤል፤ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

አባባ በሦስት ዓመት ኮንትራት የያዙትን ሚኒባስ ቅዳሜ ለባለቤቱ ለአቶ ሳህሌ እንመልሳለን። ውሉ እንደተረከቡት ይመለስ ስለሚል ሰሞኑን እሱን ማሰናዳት ሆኗል ሥራችን። እኔ ወንበሮቹን አጠብኩ፤ የገብርኤልንም ሥዕል ከመስታወቱ ላይ አንስቼ ከአባባ አልጋ በላይ ሰቀልኩት።

ሳሪስ አጥር የቧጨረውን በር ግን አባባ ራሳቸው ቀቡት። ጭረቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ቀስ ብለው ቀብተው ሲጨርሱ፣ "አሰጉ፣ አሁን ይለያል?" ብለው ጠሩኝ። ነጩ ላይ ሰማያዊውን ቀብተውታል።

"ምንም አይለይም አባባ" አልኳቸው። የቀለሞቹ ቆርቆሮዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ማንም ይሳሳታል። ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሲወጡ ጠብቄ ነጩን ደረብኩበት።

አቶ ሳህሌ "ኮንትራቱን ላድስልዎት" ቢሏቸው "ደክሞኛል" አሉ። ሃያ ስምንት ዓመት መሪ የጨበጡ ሰው! ሌላ ጊዜ ቢሆን እሟገታቸው ነበር።

ያለፈውን ደብዳቤህን አባባ በር ላይ ወጥተው ብርሃኑ ላይ ብዙ ሲያገላብጡት ቆዩና "አንቺ አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይላል" ብለው ሰጡኝ። የዚህን መልስ ስትጽፍ እባክህ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርገው።

በያለህበት እመብርሃን ከለላ ትሁንህ።

እህትህ አሰጋሽ