ሳይላክ የቀረው የቀጠሮ መልእክት

ለምወድሽ እትዬ፤

ሰላምታዬ ደጅሽን አልፎ እስከ ጓዳሽ ይግባ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? የእማማስ ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ አካሌ ደኅና ነው። ልቤም ደኅና ነው ብዬ ብዋሽሽ ግን ከእጅ ጽሕፈቴ ታውቂብኛለሽ።

የሆስፒታሉን ፕሮግራም የምጠብቀው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ጃቫ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ ፕሮግራም ነው፤ ካርዱም፣ ላቦራቶሪውም፣ የቀዶ ጥገና ወረፋውም እሱ ላይ ነው። ፕሮግራሙን ተሸክሞ የሚያሠራው ሰርቨር ከባዱ ዓይነት ነበር፤ ለመነሣት ይንቀራፈፋል እንጂ ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ያቀርብለታል። አለቃዬ "ሐኪሞቹ ተማረዋል፤ ወደ ቀላሉ ሰርቨር አዛውረው" አለኝ። ቀላሉ ፈጣን ነው፤ ግን ባዶ ቤት እንደ መከራየት ነው፣ አልጋውንም ድስቱንም ይዘሽ ትገቢያለሽ። "የጎደለ እንዳይኖር ጥቂት ልፈትነው" ስለው "አንተ ደግሞ ነገር ማክረር ትወዳለህ" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳልፈትነው አዛወርኩት።

ሲነሣ እንደ ላባ ቀለለ። ሐኪሞቹ አመሰገኑኝ፤ ደስም አለኝ። ለካ ለበሽተኞች የቀጠሮ መልእክት በስልክ የሚልከው የፕሮግራሙ ክፍል በአሮጌው ሰርቨር ትከሻ ላይ ነበር የቆመው። ቀጠሮው ይመዘገባል፣ መልእክቱ ግን አይወጣም፤ ስህተት የሚል ምልክት እንኳ አልታየም።

አንዲት ልብስ ሰፊ ሴትዮ የጡታቸውን እብጠት ለማስወጣት ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ቀናቸው ደረሰ፤ መልእክቱ ስላልደረሳቸው አልመጡም፤ ቀርተዋል ተብለው ከወረፋው ወጡ። ቢጨንቃቸው ራሳቸው ሲመጡ እብጠቱ ሥር ሰዶ ነበር። ሐኪሙ "አሁን በቀዶ ጥገና የሚወጣ አይደለም" አላቸው።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወደ እኔ ላከቻቸው። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው "ተበላሽቶብኝ ይሆን ልጄ? እስቲ እየው" አሉኝ። "ስልኩ ምንም አልሆነም እናቴ፤ ጥፋቱ የኛ ነው" አልኳቸው። ስልኩን ከጠረጴዛው አነሡ። ከዚያ "እንግዲያ ስልኩ ጤነኛ ከሆነ ለሴቷ ልጄ ይሆናታል" ብለው በመሐረባቸው ጠቅልለውት ወጡ።

እትዬ፣ መልእክት መላኪያውን ለማስተካከል አንድ ጠዋት እንኳ አልፈጀብኝም። የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለኃላፊዎቹ ሰጠሁ፤ የጠራኝ የለም። አለቃዬ "የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ እርሳው" አለኝ። እህል ከአፌ አልገባ ብሏል። ቢቆጡኝ፣ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼን ሰላም በይልኝ። ልጆችሽን፣ ሙጢትንና ታላቋን፣ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን አናጢውንም እንዳትረሺ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ምን ጻፈ ብላ ስትጠይቅሽ ሥራ በዝቶበታል በያት። ለዚያች ሴትዮ ግን አንቺ ጸልዪላቸው፤ እኔ አፌ አልከፈት ብሎኛል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን