ጦይባ የቀረጸቻቸው ፊደላት

ጦይባ፣

ከሐኪም ቤት ስትመለሺ ሻሽሽን ሳትፈቺ ይህን አንብቢ።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሀብተሥላሴ ጠዋት ለቆጠራ ብሎ ገባ። ቃል እየመሠረትን የምንጫወትባቸውን የእንጨት ፊደላት ጠረጴዛው ላይ አገኛቸው። አንዷን አንስቶ መዳፉ ላይ ሲጫናት ቀለሟ ለቀቀ። «የበራሪ ወረቀት ማተሚያ ነው» አለ። ፊደሏ ተገልብጣ ነው የወጣችው፣ የማተሚያ ብትሆን ተቃንታ ትወጣ ነበር ብዬ ብነግረው አልሰማኝም።

ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ እንጻፋቸው ብዬሽ ነበር። ካልቀረጽኳቸው፣ ቀለም ካልቀባኋቸው ብለሽ ድርቅ ያልሽው አንቺ ነሽ።
ይሁን። አሁን አላነሳውም።

ያቺን ይዟት ሄዷል፤ የቀሩትን ምድጃው ውስጥ ማግጂያቸው። ሽንት ቤት እንዳትጥያቸው፤ እዚያም ይፈልጋሉ።
መቅረጫሽን እኔ ይዤዋለሁ።
ምስሩን ባንቺ ድስት ነው የሠራሁት። ቀምሰሽ ዛሬውኑ ወደ ትክል ድንጋይ፣ እናትሽ ዘንድ ሂጂ።
ቀበሌ መጥተሽ እኔን እንዳትጠይቂ።

ማን ቀረጻቸው ሲለኝ እኔ ነኝ አልኩት።
«እንግዲያው ከሰዓት በኋላ ነይና አንዷን ፊቴ ቅረጪ» አለኝ።

ሽንኩርት እንኳ ስከትፍ እጄን እንደምቆርጥ ታውቂያለሽ።

ይርገዱ