እማዬ ያፈሉት ውሃ

ጥቅምት 4
ጠዋት የሙሽራ ፀጉር ስሠራ ቆሜ አረፈድኩ፤ እግሬ አብጧል። ከሰዓት የእርግዝና ክትትል። ፅንሱ ደህና ነው። አዋላጇ ስለ መጀመሪያ ልጄ ጠየቀችኝ። ጨቅላ ሳለች ከንፈሯና ጥፍሯ ሰማያዊ ሆኖ እንደሞተች፣ ያኔ ሐኪሞቹ የልብ ሕመም ይሆናል እንዳሉን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
"የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?"
ከጓሯችን ጉድጓድ። ምን አገናኘው? ለምርመራ በጠርሙስ አምጪ አለችኝ።

ጥቅምት 15
ውጤቱ መጣ። ከሽንት ቤትና ከእርሻ ማዳበሪያ የሰረገ ናይትሬት የሚሉት ነገር አለበት። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ለእርጉዝ አይበጅም። በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ደግሞ ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል...
"አፍልተን እኮ ነበር ወተቷን የምንበጠብጥላት" አልኳት።
"ማፍላት አያጠፋውም። ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል።"
ልጄን የገደላት እሱ ይሁን አይሁን ግን ዛሬ ማወቅ አይቻልም አለች።
ያፈሉት እማዬ ናቸው፣ የባሌ እናት። ለልጅ ልጃቸው ሲሳሱ፣ ደጋግመው።

ጥቅምት 16
ለባሌ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለእናቱ እንዳልነግር ለመነኝ። ሆድ ይፍጀው። ጉድጓዱን ዘጋው፤ አይጥ ገብቶበት ነው አልናቸው። ከተመረመረው የሕዝብ ቦኖ በጀሪካን እንቀዳለን። "ቤታችን ጀሪካን ከሰው በዛ" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

ኅዳር 2
ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ ልጄ ጡጦ ስትጠባ ታሰማው የነበረው ድምፅ ይመጣብኛል። ሄጄ እሳቱን አጠፋሁት። እማዬ አዩኝ።

ታኅሣሥ 9
ወንድ ልጅ። ጮኸ... አሁንም ጮኸ። እሰይ።

ታኅሣሥ 20
ጡቴ ዘንድሮም እምቢ አለ። ዱቄት ወተት ጀመርን። እማዬ ልጁን አንዴም አላቀፉትም። ጉንፋን ይዞኛል ይላሉ፤ ሲያስነጥሱ ግን አልሰማኋቸውም። ዛሬ በሩ ላይ ቆመው፣
"አይጥ አይደለም፣ አይደል?"
መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።
"ያፈላሁት እኔ ነኝ" አሉ።
ማናችንም አላወቅንም አልኳቸው። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻል ነበር።

ጥር 6
ባሌ ሥራ ሄዷል። ልጁ ራበው። ጡጦውን ራሴ ልሰጠው እችል ነበር። ልጁንም ጡጦውንም ወስጄ እማዬ ጭን ላይ አስቀመጥኩ።
"እርስዎ ይስጡልኝ።"
ውሃው ከየት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። ከዚያ ሰጡት።
ጠግቦ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ደክሟቸዋል ብዬ ላነሳው ጎንበስ ስል እጄን መለስ አደረጉት።
"ተይው" አሉ። "ሲተነፍስ ልስማው።"