«ሽክ ያሉ ሌቦች»ን ሳይጨርሱ ስለተለዩን ስለ አቶ ወንዳፍራሽ ደምሴ

ከቼሪ መንገድ የአማርኛ ፊልም ማኅበር፣ ሲያትል
ለአባላት፣ ለወላጆችና ሐዘናችንን ለሚካፈል ሁሉ

የማኅበራችን መሥራችና የፊልም አዘጋጃችን አቶ ወንዳፍራሽ ደምሴ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ማኅበሩ ይህን መግለጫ የሚያወጣው ከቀብራቸው በኋላ ነው። የዘገየበት ምክንያት አለ፤ ከታች ተጽፏል። ሐዘናችን ግን አልዘገየም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጠባብ ክፍል ሆኖብናል፤ ወዴትም ብንዞር ግድግዳው ይነካናል።

አቶ ወንዳፍራሽ የተወለዱት አዲስ አበባ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው ታላቅ እኅታቸው ወ/ሮ ማንአልሞሽ ደምሴ ናቸው። ወደ አሜሪካ ያመጧቸውም እሳቸው ናቸው። አቶ ወንዳፍራሽ ሠራተኞችን ከሴንትራል ዲስትሪክት ወደ ሬድመንድ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ኮምፒውተራቸው ላይ ሲያቀረቅሩ እሳቸው መሪውን ይዘው የተዋናዮችን ንግግር በልባቸው ያጠኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ማኅበራችንን መሠረቱ። መሰብሰቢያችን ቼሪ መንገድ ላይ ያለ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ነበር፤ ምግብ ቤቱ በሚዘጋበት ሰኞ ሰኞ እንሰበሰብ ነበር።

በ2019 የመጀመሪያውን አጭር ፊልማችንን አዘጋጁ። ሰርግ ተጠርቶ ፓርክ የሚያደርግበት አጥቶ ሙሽሮቹ እስኪወጡ ድረስ ሰፈሩን ሲዞር ስለሚውል ቤተሰብ ነው። ያየው ሁሉ የራሱ ታሪክ መስሎት ነበር።

በ2023 ትልቁን ሥራ ጀመሩ። በወጣትነታቸው ቪዲዮ ቤት ደጋግመው ያዩትን አንድ የድሮ የካዚኖ ዘረፋ ፊልም በአማርኛ እንደ አዲስ መሥራት ነው። «ሽክ ያሉ ሌቦች» ብለው ሰየሙት። ዘጠኝ ሰዎች፣ ዘጠኙም ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ አንዲት የካዚኖ ባለቤት የምትኮራበትን ካዝና ይዘርፋሉ። የካዚኖው ጠረጴዛዎች አረንጓዴ አንሶላ የለበሱ የአዳራሽ ጠረጴዛዎች ናቸው። የቁማር ማሽኖቹን ከካርቶን የሠራቻቸውና ሱፎቹን የሰፋቻቸው አባላችን ነጂባ ናት።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችንን ቁማር ያስተምራሉ» ብለው ቅሬታ አቅርበው ነበር። አቶ ወንዳፍራሽ ወላጆቹን አስቀምጠው ፊልሙን እስከተሠራበት ድረስ አሳዩዋቸው። «በዚህ ፊልም ቁማር ተጫውቶ ያሸነፈ ሰው ካያችሁ ልጃችሁን ውሰዱ» አሉ። ማንም ልጁን አልወሰደም።

በእንግሊዝኛ ለሚመልሱላቸው ወጣቶች አንድ ሕግ ነበራቸው። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ በእንግሊዝኛ መስረቅ ቀላል ነው፤ እዚህ የምንሰርቀው በአማርኛ ነው» ይሉ ነበር። አፍራ ድምጿ የማይወጣ ልጅ ስትኖር አይቆጧትም። «ጸጥ ያለ ሌባ ነው የማይያዘው» ብለው ከኋላ ያቆሟታል፤ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ያመጧታል። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ሰው ፊት አማርኛ የተናገሩት መጀመሪያ በእሳቸው ካሜራ ፊት ነው።

የካዚኖዋ ባለቤት ገጸ ባሕርይ ለወ/ሮ ማንአልሞሽ ተሰጠች። እኅታቸው ለወራት አልጫወትም ብለው ከቆዩ በኋላ እሺ አሉ። ሲጫወቱ ማንም አይወዳደራቸውም ነበር።

በዚያ ቅዳሜ የካዝናውን ክፍል ትዕይንት ስንቀርጽ ዋልን። ሌቦቹ ገብተው በሩ ይዘጋባቸዋል። ሲወጡ የሚያሳየው ሳይቀረጽ ቀረ። አቶ ወንዳፍራሽ ዕቃ መኪናቸው ላይ ሲጭኑ ወደቁ፤ ሆስፒታል እንደደረሱም አረፉ። በነጋታው እሑድ ጠዋት ሊንውድ በሚገኘው የወ/ሮ ማንአልሞሽ ቤት ሌላ ትዕይንት ለመቅረጽ ቀጠሮ ነበረን፤ ሌቦቹ በማለዳ የባለቤቷን በር የሚያንኳኩበት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰው በየአቅጣጫው ስላወራው ማኅበሩ ራሱ መናገር ይኖርበታል።

መርዶ በስልክ እንዳይነገር፣ ወ/ሮ ማንአልሞሽም ብቻቸውን እንዳይሰሙት የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ ኪዳነ ወልድ አሳሰቡን፤ ልክ ነበሩ። ከዚያ ግን ነገሩን ፊልሙን እንዳቀድነው አቀድነው። ቀረጻው ተሰርዟል ብንላቸው ይጠረጥራሉ፤ ስለዚህ ቀጠሮው ይቆይ አልን። ማንም ፌስቡክ ላይ እንዳይጽፍ ለሁሉም ነገርን። ነጂባ ስለ ቀሚሳቸው ልጠይቅ ብላ ኮል አድርጋ ሌላ ሰው እንዳይደውልላቸው በወሬ ያዘቻቸው። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠራ። አለባበሳችንን ግን ማንም አላሰበበትም። ለለቅሶ ጥቁር ይለበሳል፤ የነበረን ጥቁር ልብስ የፊልሙ ሱፍ ነው፤ እሱን ለብሰን ጎሕ ሲቀድ በራቸውን አንኳኳን።

ወ/ሮ ማንአልሞሽ የካዚኖዋን ባለቤት ቀይ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ከፈቱ። አገጫቸውን ቀና አድርገው እንደ ጽሑፉ «ማን ላካችሁ?» አሉ።

ወደፊት መሄድ አልቻልንም፤ በሩ ላይ እሳቸው ናቸው። ወደኋላም አልቻልንም፤ ከኋላችን የዕድሩ ሰዎች ቆመዋል።

«ፍጹም፣ የአንተ ተራ ነው እኮ» አሉ እየሳቁ።

የሌቦቹን አለቃ የሚጫወተው ፍጹም ሊያረዳ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ያጠናው ነው። «ማንም አልላከንም፣ እመቤቴ። ልናይዎት መጥተን ነው።»

«ባዶ እጃችሁን?»

«ያለንን ሁሉ እዚያው ትተን መጣን።»

«ጎሽ! ፊትህን ግን አስተካክል። ሌባ ነህ እንጂ ለቅሶ ደራሽ አይደለህም።» ከዚያ በትከሻችን ላይ አሻግረው አዩ። «ወንዴ፣ ልክ ነኝ አይደል? የታለ እሱ? ካሜራው ጋ ነው?» ዓይናቸው አቶ ኪዳነ ወልድ ላይ ቆመ። «ጋሼ ኪዳነ ወልድ፣ ደግሞ እርስዎን በሌሊት ምን ብሎ አስመጣዎት? እርስዎ እኮ ፊልሙ ውስጥ የሉም።»

አቶ ኪዳነ ወልድ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ወ/ሮ ማንአልሞሽ ከመጮኻቸው በፊት የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «እኔን አጫወታችሁኝ?»

ካሜራ ይዛችሁ ሄዳችኋል የሚባለው እውነት ነው፤ ቀጠሮው እንዲመስል ብለን ይዘናል። ቀርጻችኋል የሚባለው ግን እውነት አይደለም፤ ካሜራው ከመያዣው አልወጣም። ማኅበሩ ይህን የሚናገረው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። ሰው ወንድሙ መሞቱን ሳያውቅ እኛ እያወቅን አብረነው ተጫውተናል። የፍጹም ብቻ ጥፋትም አይደለም። እሱ ሲናገር ዝም ያልን ሁላችንም «አቁም» ማለት እንችል ነበር። አንዳችንም አላልንም፤ ትዕይንቱ ራሱ እስኪለቀን ድረስ ጠበቅን። ጥንቃቄ ያልነው ነገር እሳቸውንም እኛንም በአንድ በር ላይ ዘጋብን።

ቀብሩ ሐሙስ ዕለት ተፈጽሟል። ከኋላ ቆምን። ወ/ሮ ማንአልሞሽ በአጠገባችን ሲያልፉ አላዩንም፤ ወይም ላለማየት ወሰኑ። ማኅበሩ ተሰብስቦ ለቅሶ ለመድረስ ቢጠይቅ አልተፈቀደልንም። በዕድሩ በኩል የይቅርታ መልእክት ላክን፤ መልስ አልመጣም። የመሥራቻችን ሐዘን እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ እኛ ውጭ ነን። እርስ በርሳችን ስንገናኝም የምንነጋገረው ጠፍቶን እንለያያለን።

ትናንት ወ/ሮ ማንአልሞሽ ለነጂባ ደውለው አንድ ነገር ብቻ ተናግረው ዘጉ። «ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይምጣ። ተዋናይ አይምጣብኝ።»

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ያሳውቃል።

«ሽክ ያሉ ሌቦች» ባለበት ቆሟል። የሚቀጥለው ወ/ሮ ማንአልሞሽ ይቀጥል ካሉ ብቻ ነው፤ ይህንንም ሄዶ የሚጠይቃቸው ሰው አይኖርም። እስከ አርባቸው ድረስ የማኅበሩ ስብሰባም ቀረጻም የለም። ሱፎቹን ነጂባ ሰብስባ ታስቀምጣለች።

ለወ/ሮ ማንአልሞሽ ደምሴ፦ ወንድምዎን እኛ ያወቅናቸው ጥቂት ዓመት ነው፤ እርስዎ ግን አሳድገዋቸዋል። ሐዘኑ የእርስዎ መሆኑን በዚያ ጠዋት ረስተን ነበር። ይቅርታ እንጠይቃለን። ፈጣሪ እርስዎን ያጽናና፣ ለእሳቸውም ነፍስ ዕረፍት ይስጥልን። በሬድመንድ አውቶቡስ አብረዋቸው ለሠሩ ባልደረቦቻቸው፣ ድምፃቸውን በእሳቸው ላገኙ ወጣቶችና ለወላጆቻቸውም መጽናናት ይሁን።

ለአባላት፦ ለቅሶ በማኅበሩ ስም አንደርስም። መሄድ የሚፈልግ ሁሉ ለየብቻው ይሂድ። የቤቱን ልብስ ይልበስ። ማን ነው ሲሉት የራሱን ስም ይናገር። በሩ ከተከፈተለት በኋላ ምን እንደሚል የጻፈለት ሰው የለም።

የቼሪ መንገድ የአማርኛ ፊልም ማኅበር
ሲያትል