ለዕድሩ ሊቀመንበር፦ ልጄን መኪና ማስቆም ላይ ስለመደቡልኝ

ለተከበሩ አቶ ሳህሉ
በኦስሎ የመተሳሰቢያ ዕድር ሊቀመንበር
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን እንደሚያምዎ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ የሰውን ልጅ ማንነት ሲመዝኑ መዋል መቼም ያደክማል። እኔ ባለቤቴን እንዳሻውን ከቀበርኩ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ።

በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ የኮሚቴዎን ደግነት ሰፈራችን ሆልምሊያ ብቻ ሰምቶት እንዳይቀር ብዬ ነው። ልጄ ምኞት ወንድም ሴትም አይደለሁም ካሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የወለድኩትን ልጅ አንቱ ማለቴ አይግረምዎ፤ እሱም እሷም እንዳልል ነው፤ እርስዎን አንቱ ካልኩ ለልጄ ሲያንሳቸው ነው። ምስጋናዬም የሚከተለው ነው።

1ኛ፦ በዕድራችን ደንብ ወንዶቹ ሬሳ ይሸከማሉ፣ አፈር ያለብሳሉ፤ ሴቶቹ ለቅሶውንና ወጥ ቤቱን ይይዛሉ። በቀብሩ ዕለት ኮሚቴዎ ቄሱን በብርድ አቁሞ፣ ምኞት ከየትኛው ወገን ይሁኑ ብሎ ስለተሰበሰበ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ማን ሄዶ ይጠይቀው ተብሎ አንድም ቀን አልተሰበሰበም።

2ኛ፦ የወንድም የሴትም ያልሆነ ሥራ ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ መኪና ማስቆም ስላገኛችሁ ብልሃታችሁን አደንቃለሁ። ልጄ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሰው ለለቀስተኛው ቦታ ሲያሳዩ እንዳሻው ጉድጓድ ወረደ። የመጀመሪያውን አፈር የጣለው ከሌላ ሰፈር፣ ከሊንደሩድ፣ በሰው መኪና ተዳብሎ የመጣ፣ የሟቹን ስም እንኳ ከጎኑ የቆመውን የጠየቀ ሰውዬ ነው። ወንድ ነዋ፣ ደንቡ ይፈቅድለታል።

3ኛ፦ ምነው ብዬ ብጠይቅዎ ባህላችን ይበላሻል ስላሉኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ እርስዎ የልጅ ዳይፐር ሲቀይሩ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሐረገወይን የማዘጋጃ ቤቱን አውቶቡስ ሲነዱ አይቻለሁ፤ ደግ አድርጋችኋል። ያን ጊዜ ባህላችን የት ሄዶ እንደነበር ግን የነገረኝ የለም።

ከቀብር መልስ ምኞት አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ፣ «እማዬ፣ ነገ ወስደሽ መቃብሩን አሳዪኝ፤ የቱ ጋ እንደሆነ አላየሁም» አሉኝ። የዚህን መልስ ኮሚቴዎ፣ ስብሰባ ይወዳልና፣ ተሰብስቦ ቢፈልግልኝ።

ዕድሜና ወንበር ያብዛልዎ እያልኩ፣

በፍጹም ትሕትና
የእንዳሻው ሚስት፣ የምኞት እናት፣ ከዛሬ ጀምሮ የዕድርዎ አባል ያልሆንኩ
አባይነሽ፣ ከሆልምሊያ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የኔ ቀን ሲደርስ ኮሚቴው እንዳይቸገር ለቀብር አስፈጻሚው ከወዲሁ ነግሬዋለሁ። ሬሳዬን ከፊት ሆነው የሚያነሱት ምኞት ናቸው፤ የመጀመሪያውንም አፈር የሚጥሉት እሳቸው ናቸው። እርስዎም መቅበር ካማረዎ ልጄን ያስፈቅዱ።