ቁልቁለት ያላየችው ቀይ መኪና

ሰኞ፣ የካቲት 7። ጠዋት 4 ሰ.
የወፍጮ ሞተር ፈትቼ እጄ ዘይት በዘይት እንደሆነ ሊ/መንበሩ አስጠራኝ። ጓድ ሽፈራው፣ የሽያጭ ኮሚቴው ሊ/መንበር። መፍቻና መዶሻ የማይለይ ሰው። አገር ጥሎ የሄደ ሰው መኪና ጨረታ ልትወጣ ነው፤ መርምረህ ገዢዎች የሚያነቡት ወረቀት ጻፍ አለኝ። ለሙከራ የሰጠኝ ኩፖን የሦስት ሊትር ቤንዚን ነው። ሦስት! በዚህ መኪና ይሞከራል? እሺ ብዬ ወጣሁ። ሁልጊዜ እሺ።

እዚያው ዕለት። 10 ሰ.
ደብተሬ፣ ምን ልበልህ። ቀይ፣ ባለ አራት በር፣ ጣሊያን ሠራሽ። ከእነዚያ የቅንጦትና የሩጫ መኪኖች ትንሿ፤ ከጌታ በታች ከሎሌ በላይ። ከጋራዡ ወደ ፒያሳ፣ በጉዱማሌ ዞሬ እስከ አዋሳ ሐይቅ ነዳኋት። ሁለት ካርቡሬተር፣ አምስት ማርሽ። ሁለተኛ ላይ ስትረግጣት ጀርባህ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል። መሪዋ በጣት ይዞራል። ቆዳው ጥቂት ተቀዷል። ከኋላ ረጅም ሰው ጉልበቱን ማቀፍ አለበት። ቤንዚን ስትጠጣ አታፍርም። ፍሬን ያዝኩ፣ ቀጥ አለች። በአርባ ሰባት ዓመቴ ብቻዬን እንደ ጎረምሳ ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8።
ወረቀቱን ጻፍኩ። ሞተር፦ በጣም ጥሩ። ማርሽ፦ ጥሩ። ፍሬን፦ ደህና። ኩፖን ለሌለው ሰው አትመከርም የምትለዋን ሊ/መንበሩ ሰረዛት፤ መንግሥትን ማማት ነው አለ። ተናደድኩ፣ ግን ፈረምኩ። ማኅተም ተመታ፣ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ሐሙስ፣ የካቲት 10። ጠዋት።
ጨረታውን ያሸነፉት አቶ ዳንጊሶ ናቸው፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡት ሽማግሌ። ጋራዥ ድረስ መጡ። ወረቀቱን ልጃቸው አንብቦላቸዋል፤ እሳቸው ግን ወረቀት አያምኑም፣ ሰው ነው የሚያምኑት። ዓይኔን አይተው አንድ ቃል ብቻ ጠየቁኝ። ሀላሌ? በሲዳምኛ እውነት ማለት ነው። እንደኛ እንደ ዋዛ የሚጣል ቃል ግን አይደለም። ሀላሌ ብሎ የዋሸ ሰው በሽማግሌ ፊት አይቆምም፤ ለቅሶው ላይ እንኳ ሰው ይሸሸዋል። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፣ ግን ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ የቃሉን ክብደት አውቃለሁ።
ሀላሌ አልኳቸው።
ደስ አላቸው። እሁድ ሚስታቸውንና አራት ልጆቻቸውን ጭነው ወደ አገራቸው ደጋ፣ ሁላ ይወጣሉ። ሐይቅ አይተው የማያውቁ እናታቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

ያው ሐሙስ። 9 ሰ.
ይወርዳሉ! ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። የሁላ ቁልቁለት! እኔ ደግሞ መኪናዋን የት ሞከርኳት? አዋሳ ላይ፣ እንደ ገበታ በተዘረጋ ሜዳ። ከታቦር ተራራ በቀር ከፍታ በሌለበት ከተማ። እዚህ ፍሬን የሚያዘው ለፍየልና ለብስክሌት ነው። ሃያ ዓመት ሜዳ ላይ ኖሬ ዓለም ሁሉ ሜዳ መሰለኝ። ደደብ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።
ሮጬ የፊት ጎማዎቿን ፈታሁ። የፍሬን ሸራዎቹ የእሷ አይደሉም። አንድ ጉደኛ ከጭነት መኪና ሸራ ቆርጦ በማጣበቂያ ለጥፏቸዋል። ጠርዛቸው ተነሥቷል። የፍሬኑ ዘይት እንደ ቡና ጠቁሯል። ሜዳ ላይ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ሲግል ይላቀቃል። ከእናታቸው ጋር ሰባት ነፍስ ቆጠርኩ።
ሰኞ ጎማ ብፈታ ኖሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። አልፈታሁም። ሞተሯ አታለለኝ።

አርብ፣ የካቲት 11።
ለሊ/መንበሩ ነገርኩ። ወረቀቱን አንሣ፣ እኔ ተሳስቻለሁ አልኩ። ማኅተም የተመታበት ወረቀት አይሳሳትም አለ። ሪፖርቱ ወደ በላይ ሄዷል፣ ገዢው ባለችበት ሁኔታ ብሎ ፈርሟል፣ ርክክቡ ነገ 8 ሰ. ነው። ለሙከራ ቁልቁለት ልውሰዳት፣ አንተም ከጎኔ ተቀመጥ አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። አልቀመጥም! አለ። ለራሱ ነፍስማ ይሳሳል። ሕፃናት አሉ ስለው፣ ወሬ ብታወጣ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ የት እንደምትገባ ታውቃለህ አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።
ጠረጴዛውን ልገለብጥበት ፈለግሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። በሱ ከተናደድኩት ይልቅ ያቺ ቀስ ብዬ የዘጋኋት በር አናደደችኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12። 6 ሰ. ተኩል።
ጠዋት ጋራዥ ገብቼ አራቱንም ሸራዎች ፈታሁ። ያለ እነሱ ከጋራዡ በር አትወጣም። በጋዜጣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። አሻጥር ካሉት ይኸው አሻጥር።
ቤት መጥቼ ለማርታ ነገርኳት። ሚስቴ ናት፣ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ተነሥታ ብርድ ልብስ አጠፈች፣ ዳቦ በጨርቅ ቋጠረች። ምንድን ነው አልኳት። ካቆዩህ ማታ ይበርዳል አለች። ያኔ ነው የፈራሁት።
ግን ወስኛለሁ። በአፌ የሰጠሁትን በአፌ እመልሳለሁ። መጀመሪያ አዲስ ከተማ፣ አቶ ዳንጊሶ ሱቅ። ሸራዎቹን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ሐሙስ ያልኩዎት ሀላሌ አልነበረም እላቸዋለሁ። ቢሰድቡኝም ይስደቡኝ። ከዚያ ወደ ሊ/መንበሩ፣ ሳይጠራኝ፣ በራሴ እግር።
ደብተሬ፣ አንተን ማርታ ጤፍ ውስጥ ትደብቅሃለች።
ብርድ ልብሱን ይዣለሁ።